ቀበሌና እድር፦ ትንሽ ከተማ የሚተዳደርበት መንገድ

ትንሽ ከተማ ውስጥ መንግሥት ማለት ቀበሌ ነው። መታወቂያ የሚወጣው እዚያ ነው። ልጅ ሲወለድ የሚመዘገበው እዚያ ነው። አጥር የገፋ ጎረቤትም መጀመሪያ የሚከሰሰው እዚያው ነው። ከጎኑ ደግሞ ማንም ያልሾመው፣ ከማንም በጀት የማይጠብቅ እድር አለ። የኢትዮጵያን ትንንሽ ከተሞች ኑሮ ማወቅ የፈለገ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ማየት አለበት፤ አንዱን ብቻ ካየ ግማሹን ነው ያየው።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተማ የሚለው ማዘጋጃ ቤት የተቋቋመለትን ቦታ ነው፤ ወይም ደግሞ 2,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ኖሮት ከሠራተኛው ግማሹ ከእርሻ ውጭ በሆነ ሥራ የሚተዳደርበትን። ሕጉ ይህ ነው። በተግባር ግን አብዛኛው ትንሽ ከተማ መልኩ ይመሳሰላል። አስፋልቱ መሃል ለመሃል ያልፋል። ግራና ቀኝ ሱቅ፣ ሻይ ቤት፣ አልጋ ቤት ይደረደራል። መናኸሪያ አለ፣ ጤና ጣቢያ አለ፣ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚቆም ገበያ አለ፣ ያን ቀን ከገጠር የሚመጣው ሰው የከተማውን ሕዝብ በብዙ እጥፍ ያበዛዋል። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ተጠቅሞ ቤት የሚፈልግ የለም። ሰው የሚጠይቀው ቀበሌውን፣ ቀጥሎም የሰፈሩን ስም ነው።

የከተማ አስተዳደር በዘመናዊ ሕግ መልክ የያዘው በ1937 ዓ.ም. በወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ነው። ቀበሌ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በደርግ ጊዜ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፣ የገበሬ ማኅበራትም በዚሁ አዋጅ ተቋቋሙ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሐምሌ 19 ቀን፣ አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን አንድ ቤት ብቻ እንዲይዝ ተደረገ፤ ለመኖሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌ፣ የተወለደው በዚህ አዋጅ ነው። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ የተወረሱ ቤቶች አስተዳደር ለእሱ ተሰጠው። ዛሬም ድረስ የቀበሌ ቤት የምንላቸው እነዚያ ናቸው። የብዙ ከተሞች አሮጌው መሃል ሰፈር በእነሱ የተሞላ ነው፣ ኪራያቸው ዝቅተኛ በመሆኑም ለማደስ የሚበቃ ገንዘብ አያስገኙም።

ያኔ ቀበሌ ብዙ ነገር ነበር። ከበላዩ ከፍተኛ የሚባል እርከን ነበረ፣ አዛውንቶች አድራሻቸውን ሲናገሩ ዛሬም ከፍተኛና ቀበሌ ብለው ይጠራሉ። የኅብረት ሱቁ ስኳርና ሳሙና በካርድ ያድል ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማታ ማታ አዋቂዎችን ያስተማረው በቀበሌ አዳራሾች ጭምር ነው። ያው ቀበሌ ግን በቀይ ሽብር ጊዜ የአብዮት ጥበቃ ጠብመንጃ ይዞ የቆመበት፣ ወጣቶች የታሰሩበትና የተገረፉበት ቦታም ነበር። ይህን ሳይጠቅሱ ማለፍ ልክ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ቀበሌ ሲጠራ ልቡ የሚፈራው በዚያ ትዝታ ነው፤ ፍርሃቱም ለልጅ ተላልፏል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቀበሌው እንዳለ ቀጠለ፣ ሥራው ግን ተለወጠ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በጀትና ኃላፊነት ወደ ወረዳ እንዲወርድ ተደረገ። ክልሎችም የራሳቸውን የከተማ አዋጅ አወጡ፣ ከተሞች ከንቲባና ምክር ቤት ኖራቸው። በ2000 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር ወደ 300 ከፍ አለ። ቀጣዩ ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ተደረገ። በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት ግን ተራዘመ። የአካባቢ ምርጫ ከአገር አቀፉ ያነሰ ወሬ የሚያገኝ ነው፣ ለሰው ኑሮ ያለው ቅርበት ግን ይበልጣል። እኔ ከሁሉም በላይ ሊያሳስበን የሚገባው ይኼ ይመስለኛል።

ቢሮው ራሱ ቀላል ነው። አንድ ረጅም ቤት፣ በረንዳ፣ አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ። ሊቀመንበር አለ፣ ሥራ አስኪያጅ አለ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አለች። በውስጥ ካርቶን ሽፋን ያላቸው ፋይሎች መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል፣ በየፋይሉ ጀርባ የቤት ቁጥር ተጽፏል። ጉዳዩ የሚያልቀው በማኅተም ነው። ማኅተሙ ደግሞ ከኃላፊው ጋር ይሄዳል፤ ኃላፊው ወረዳ ስብሰባ ከተጠራ ያን ቀን ሥራ የለም። ከሩቅ ሰፈር ሕፃን አዝላ የመጣች እናት በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ ከዚያ "ነገ ተመለሺ" ትባላለች። የቀበሌ ቅሬታ ተብሎ በየስብሰባው የሚነሳው ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። መፍትሔውም ሩቅ አይደለም፣ ውክልና መስጠት ነው።

ከሚሰጠው አገልግሎት ዋናው ወረቀት ነው። መታወቂያ፣ የነዋሪነት ማረጋገጫ፣ ያላገባ ማስረጃ፣ ከተማ ለሚቀይር ሰው መሸኛ፣ ችግረኛ ለሆነ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲጀመር ሥራው የወደቀው ቀበሌ ላይ ነው። ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ልደት ላይ ሰው ቶሎ አይመጣም፤ የሚመጣው ልጁ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል ወይም ፓስፖርት ሲያስፈልግ ነው። ያኔ ምስክር ማፈላለግ ይጀመራል። ምናለ ክትባት የምታስከትበው እናት ያኔውኑ ብታስመዘግብ!

ከወረቀቱ የበለጠ ከባድ ሥራም አለ። ድሃ ማን ነው የሚለውን መለየት። የከተማ ሴፍቲኔት ተጠቃሚ ሲመረጥ፣ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች ሲለዩ፣ ስሙ መጀመሪያ የሚነሳው ሰፈር ውስጥ ነው። የጤና መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሙከራ የተጀመረ ነው። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፣ በዓመት አንዴ ይከፈላል፣ መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይሸፍናል። የሰፈር ሰው እርስ በርስ ስለሚተዋወቅ ማን ልጅ እንደሚልክለት፣ ማን ብቻውን እንደቀረ ያውቃል። ግን ትውውቅ ሁለት ጎን አለው። ዘመድ ይገባል፣ የተኳረፈ ይቀራል። ስለዚህ ዝርዝሩ በአደባባይ ተለጥፎ ሰው ቅሬታ የሚያቀርብበት ቀን መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ በተለጠፈበት ቦታ ጭቅጭቁ ያንሳል።

ለትንንሽ ጠብ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት አለ። ዳኞቹ የአካባቢው ሰዎች ናቸው፣ የሚያዩት አነስተኛ የገንዘብ ክርክርና የጎረቤት ጉዳይ ነው። ብዙው ነገር ግን እዚያም ሳይደርስ በሽማግሌ ያልቃል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከገበያ ቦታ፣ ከመናኸሪያ፣ ከቄራ፣ ከቤትና ቦታ ኪራይ፣ ከነጋዴው ግብር። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፣ ያው ወር ደረጃ ሐ ይባሉ የነበሩት ትንንሽ ግብር ከፋዮች ለዓመታት የከፈሉበትም ነው። በትንሽ ከተማ ሐምሌ የሚታወቀው በዝናቡና በገቢዎች ቢሮ ሰልፍ ነው። ከተማው የሚሰበስበው ለደመወዝ ከዋለ በኋላ ለመንገድና ለውሃ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ለዚህ ነው የኮብልስቶን ሥራ በብዙ ቦታ በመዋጮ የተሠራው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ድንጋይ ጠርቦ ማንጠፍ ለብዙ ወጣት እንጀራ ሆነ። ሰፈሩ ድርሻውን ያዋጣል፣ ቀሪውን ከተማው ይሸፍናል። ሰው ያዋጣበትን መንገድ ይጠብቀዋል፤ ቆሻሻ የሚደፋበትን ይቆጣል፣ ቦዩ ሲደፈን አካፋ ይዞ ይወጣል።

አሁን ወደ እድር። እድር በከተሞች የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። መነሻው ቀብር ነው። ሰው ሲሞት ለፋፊው ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባ ይነፋል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ የቀብር ሰዓቱን ይናገራል። ከዚያ በኋላ ማንም ሥራውን አያስቀድምም። ወንዶች ድንኳኑን ከእድሩ ዕቃ ቤት አውጥተው ይተክላሉ። ሴቶች ብረት ድስቱን፣ ሳህኑን፣ ብርጭቆውን ቆጥረው ይረከባሉ፤ ሲመለስም ተቆጥሮ ነው፣ አንድ ብርጭቆ ከጎደለ ይተካል። ንፍሮው ይቀቀላል። ሐዘንተኛው ቤት የሚያስበው ሐዘኑን ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ በሌሎች እጅ ነው። ቀብር ላይ ያልተገኘ አባል ይቀጣል፣ ስሙም ይጠራል።

የእድር ጥንካሬ ደንቡ ላይ ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በአባላት ይመረጣሉ። መዋጮ በወር ይከፈላል። በጠቅላላ ጉባኤ ሒሳቡ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ለማን ተከፈለ፣ ባንክ ውስጥ ስንት አለ። አንድ እናት ተነስተው "ባለፈው የተገዛው ወንበር ደረሰኙ የታለ?" ቢሉ ገንዘብ ያዡ መልስ መስጠት አለበት። ማንበብ የማይችል አባል እንኳ የእድሩን ሒሳብ ያውቃል። የከተማውን በጀት ግን የተማረውም አያውቀውም። ቀበሌና ማዘጋጃ ቤት ከእድር መማር ያለባቸው ነገር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሕዝቡ ተጠያቂነትን ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል፣ አዲስ ሥልጠና አያስፈልገውም።

እድር ከቀብርም ወጥቷል። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት ሲያፈርስ ብዙ እድሮች ወላጅ ላጡ ልጆችና ለታመሙ መድረስ ጀመሩ። መንግሥትም ጤና ነክ መልእክት ማድረስ ሲፈልግ የሚያንኳኳው የእድርን በር ነው። የሴቶች እድር ለብቻው ያለበት ሰፈርም ብዙ ነው። እቁብና ማኅበር ደግሞ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ እቁቡ ለገንዘብ፣ ማኅበሩ ለጸሎትና ለመጠያየቅ።

ወሬ እንዴት ይደርሳል? ድሮ ገበያ መሃል ነጋሪት ተጎስሞ፣ "የሰማህ ላልሰማ አሰማ" ተብሎ አዋጅ ይነገር ነበር። ዛሬ መኪና ላይ የታሰረ ሞንታርቦ በየሰፈሩ ይዞራል። የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የጨረታ፣ የስብሰባና የክፍት ሥራ ቦታ ወረቀት አንዱ በአንዱ ላይ ይለጠፋል። ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መልእክት ይነገራል። ብዙ ከተሞች የኮሙኒኬሽን ቢሮ አላቸው፣ በፌስቡክና በቴሌግራም ይጽፋሉ። ችግሩ የሚጻፈው ነገር ላይ ነው። ውይይት ተካሄደ፣ ኃላፊው አሳሰቡ፣ ሥልጠና ተሰጠ። ነዋሪው ማወቅ የሚፈልገው ውሃ በየትኛው ቀን ወደ የትኛው ሰፈር እንደሚለቀቅ ነው። መብራት ለምን እንደጠፋ፣ የቦታ ሊዝ ጨረታ መቼ እንደሚከፈት፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት መግባት አለመግባቱን። እነዚህ ሲቀሩ ቦታውን የቡና ወሬ ይይዘዋል፣ ወሬ ደግሞ ያጋንናል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅም ሆነ በ2013 ዓ.ም. የተተካበት የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ለማኅበረሰብ ሬዲዮ ቦታ ሰጥተዋል። ጣቢያው ያለበት አካባቢ ሰው የራሱን ጉዳይ በራሱ ቋንቋ ይሰማል። አብዛኛው ትንሽ ከተማ ግን ይህን አላገኘም።

ዓመቱ የራሱ ዙር አለው። ክረምት ላይ ችግኝ ይተከላል፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአረንጓዴ አሻራ ስም፤ ወጣቶችም በበጎ ፈቃድ የአቅመ ደካሞችን ቤት ቆርቆሮ ይቀይራሉ። መስከረም ላይ የደመራው ቦታ ይጸዳል። ለጥምቀት ታቦት የሚያልፍበትን መንገድ ወጣቶቹ ይጠርጋሉ፣ ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ ቄጠማ ይጎዘጉዛሉ፤ የሙስሊም ወጣቶች አብረው ሲጠርጉ የሚታይበት ከተማ ብዙ ነው። ለዒድ ደግሞ ተራው ይገለበጣል። ለዚህ በጀት የሚመድብ የለም።

በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ጸድቆ ፋይዳ ቁጥር መዳረስ ጀምሯል። ባንክ ቤት ፋይዳ ይጠይቃል። ነዋሪነትን የሚያረጋግጠው ግን አሁንም ቀበሌው ነው፣ የልደት ምዝገባውም እዚያው ነው፣ የድሃው ዝርዝርም እዚያው ይወጣል።