«በርሊን ላይ ገና ዳኞች አሉ» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን የማያውቅ የለም። ጀርመኖች የዚህ ተቃራኒ የሆነ አባባል አላቸው፤ «በርሊን ላይ ገና ዳኞች አሉ»። ንጉሥም ይከሰሳል ማለታቸው ነው። ደካማው ጉልበተኛ መጥቶበት፣ አቤት ብሎ፣ ፍርድ ቤት ሲፈርድለት ይባላል። ጣሊያኖችና ብራዚሎችም ተውሰው የራሳቸው አድርገውታል። አንድ ተራ ሰው መንግሥትን ከስሶ ሲረታ ጣሊያኖች «በርሊን ላይ ዳኛ አለ» ይላሉ፤ ችሎቱ የተዋለው ሮም ቢሆንም።

አባባሉ የተያያዘው ዋና ከተማው በርሊን ከነበረው የድሮ የጀርመኖች መንግሥት፣ ከፕሩሲያ፣ ንጉሥ ከዳግማዊ ፍሬድሪክ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1712 ተወለደ፣ በ1740 ነገሠ፣ በ1786 ሞተ። የአብርሆት ዘመን፣ ማለትም አውሮፓ ውስጥ አመክንዮና ዕውቀት ከፍ ከፍ ያሉበት ዘመን፣ ንጉሥ ሲባል ቶሎ የሚነሳው የእሱ ስም ነው። ዙፋን ላይ በወጣ በቀናት ውስጥ፣ ተጠርጣሪን እያሰቃዩ ማናዘዝ ከጥቂት ከባድ ወንጀሎች በቀር እንዲቀር አዘዘ። ንጉሥ የመንግሥቱ የመጀመሪያ አገልጋይ ነው ይል ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ጦሩን አዝምቶ ሲሌዢያ የሚባለውን ግዛት ከኦስትሪያ ነጠቀ። ሁለቱም እሱ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው የሚባለው። ፍሬድሪክ ከ1745 እስከ 1747 በርሊን አጠገብ ባለችው ፖትስዳም ላይ ሳንሱሲ የሚባል ቤተ መንግሥት አሠራ። ስሙ በፈረንሳይኛ «ያለ ጭንቀት» ማለት ነው። አጠገቡ ግን ከቤተ መንግሥቱ ቀድሞ የቆመ የነፋስ ወፍጮ ነበር። ወፍጮው ሲንቋቋ ይውላል። ንጉሡ ሰላም አጣ። ባለወፍጮውን አስጠራና ወፍጮህን ሽጥልኝ አለው። ባለወፍጮው እምቢ አለ፤ የአባቴ ነው፣ ልጆቼም ይወርሱታል አለ።

«ብፈልግ ያለ ምንም ክፍያ ልወስድብህ እንደምችል ታውቃለህ?»

«አዎ ንጉሥ ሆይ፤ በርሊን ላይ ዳኞች ባይኖሩ ኖሮ!»

ንጉሡም በመልሱ ተደስቶ ወፍጮውን ተወለት ይባላል።

ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን አልሆነም። ወሬው ፈረንሳይ ውስጥ መነገር የጀመረው ንጉሡ ከሞተ በኋላ ነው። በ1797 ፈረንሳዊው ባለቅኔ አንድሪዩ በግጥም አደረገው፤ አባባሉም ዓለምን የዞረው ከዚያ ወዲህ ነው። ወፍጮውና ባለወፍጮው ግን እውነት ነበሩ። ሰውየው ያማርር የነበረው ቤተ መንግሥቱ ነፋሴን ከለለብኝ ብሎ ነው።

ታዲያ እዚህ ላይ ማቆም የለብንም። ፍሬድሪክን፣ ባለወፍጮንና የበርሊን ዳኞችን በእርግጥ ያገናኘ ሌላ ጉዳይ አለ። እኔን የሚያስገርመኝ ይኼኛው ነው።

ክርስቲያን አርኖልድ ይባላል። ፖመርሲግ በምትባል መንደር የውሃ ወፍጮ ነበረው። መሬቱ የባለርስት ስለሆነ በየዓመቱ ግብር ይከፍላል። በ1770 ከወንዙ ራስጌ ያለ ሌላ ባላባት የዓሣ ኩሬ አስቆፈረ። አርኖልድ ውሃው አነሰኝ፣ ወፍጮዬ ቆመ፣ ግብር ከየት አምጥቼ ልክፈል አለ። ባለርስቱ ከሰሰው፤ ወፍጮው በ1778 በሐራጅ ተሸጠ። አርኖልድና ሚስቱ ሮዚና ግን አልተዉትም። አቤቱታ እያጻፉ እስከ ንጉሡ ደረሱ። «በፍትሕ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍትሕ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

በአውራጃው ዋና ከተማ በኩስትሪን ያለው ፍርድ ቤት ፈረደባቸው። ጉዳዩ በርሊን ወዳለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ወደ ካመርገሪሽት ሄደ። እሱም አጸናው። ዳኞቹ ምክንያት ነበራቸው። ባላባቱ በገዛ መሬቱ ላይ ኩሬ የመቆፈር መብት አለው አሉ። በዚያ ላይ በኩሬውና በአርኖልድ ወፍጮ መካከል ያለ የእንጨት መሰንጠቂያ በዚያው ውሃ ይሠራ ነበር፤ ውሃው አልጠፋም ማለት ነው።

ንጉሡ ተቆጣ። ታኅሣሥ 11 ቀን 1779 የዳኞች ሁሉ የበላይ የሆነውን ጠቅላይ ቻንስለር ፉርስትንና ጉዳዩን የያዙትን ሦስት ዳኞች አስጠራ። 67 ዓመቱ ነው፤ ሪህ ይዞት ተቀምጧል፤ እነሱ ቆመዋል። ማረሻውንና ጋሪውን ሁሉ የተነጠቀ ገበሬ ግብር ክፈል ሊባል ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀ። አይችልም አሉ። ውሃ አጥቶ መፍጨት ያቃተው ባለወፍጮስ ግብር አልከፈልክም ተብሎ ወፍጮው ሊወሰድበት ይችላል? አይችልም አሉ። ለካ በራሳቸው አንደበት እያስፈረደባቸው ኖሯል። ፉርስት ጣልቃ ገብቶ ሊናገር ሲል ውጣ፣ ቦታህ ለሌላ ተሰጥቷል ተባለ። ሦስቱ ዳኞች እስር ቤት ተወሰዱ።

ንጉሡ ያን ቀን የተናገረው በጋዜጣ ወጣ። መናኛው ገበሬ፣ ለማኙ እንኳን፣ ልክ እንደ ንጉሡ ሰው ነው አለ። ግፍ የሚሠራ ፍርድ ቤት ከሌባ መንጋ ይብሳል፤ ከሌባ መጠንቀቅ ይቻላል አለ። አነጋገሩ ዛሬም ልብ ይነካል። ከድሃ ወገን መቆሙንም አልጠራጠርም። ወሬው በተሰማ ጊዜ ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው ቤተ መንግሥቱ ደጅ ተሰበሰቡ። የበርሊን ትልልቅ ሰዎች ደግሞ በየሰረገላቸው ተሰልፈው የተባረረውን ፉርስትን ሊያጽናኑ ሄዱ። ከተማው ለሁለት ተከፈለ።

ንጉሡ ቀጥሎ ዳኞቹን ቅጡልኝ አለ። መርምሩ የተባሉት የዚያው የካመርገሪሽት ዳኞች ነበሩ። ባልደረቦቻቸውን መርምረው ጥፋት የለባቸውም አሉ። የፍትሕ ሚኒስትሩ ፎን ሴድሊትስም በእነሱ ላይ ፍርድ ለመጻፍ አልችልም ብሎ ለንጉሡ ጻፈለት። የፈረንሳዩ ግጥም ያላወቀው ይህን ነው። በርሊን ላይ ዳኞች ነበሩ! አንገታቸውን ለንጉሥ ቁጣ ሰጥተው «አይሆንም» ያሉ።

ፍሬድሪክ በራሱ ሥልጣን ፈረደ። የኩስትሪንና የበርሊን ዳኞች አንድ ዓመት ሽፓንዳው ምሽግ ይታሰሩ፣ የአርኖልድንም ኪሳራ ከኪሳቸው ይክፈሉ አለ። ወፍጮው ለአርኖልድ ተመለሰ። ሴድሊትስ ግን ከሹመቱ አልተሻረም፤ ይህንንም ለንጉሡ ልቆጥርለት እወዳለሁ።

ኩስትሪን የሚለው ስም ሲነሳ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በ1730 ፍሬድሪክ የ18 ዓመት ልጅ ሳለ ከአባቱ ሊኮበልል ሲል ተያዘና የታሰረው እዚያው ኩስትሪን፣ ምሽጉ ውስጥ ነበር። ሊኮበልል ሲል ባገዘው ጓደኛው፣ ካተ በሚባለው፣ ላይ ወታደራዊው ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ ፈርዶበት ነበር። የፍሬድሪክ አባት ፍርዱን ሽሮ የካተን አንገት አስቀላ፤ ልጁም በመስኮት እንዲያይ ተደረገ። የዳኛ ቃል በንጉሥ ቃል ሲሻር ምን እንደሚመስል ከፍሬድሪክ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ከ49 ዓመት በኋላ ራሱ አደረገው። ለድሃ ብሎ፤ ግን አደረገው።

ፉርስትን የተካው ቻንስለር ካርመር፣ ከሕግ አዋቂው ስፋሬስ ጋር ሆኖ የፕሩሲያን ሕግ በአንድ መጽሐፍ የማጠቃለል ሥራ ጀመረ። ንጉሡ ሲጠናቀቅ አላየም። ሕጉ የጸናው በ1794 ነው፤ ከ19,000 በላይ አንቀጾች ነበሩት። ፍሬድሪክ በሞተበት በ1786 የነገሠው የወንድሙ ልጅ ደግሞ የአርኖልድን ጉዳይ አስመርምሮ ዳኞቹን ነጻ አላቸው።

ዛሬ ሳንሱሲ የሚሄድ ሰው የንጉሡን መቃብርም ወፍጮውንም ያያል። ንጉሡ የተቀበረው ከላይኛው እርከን፣ ከውሾቹ አጠገብ፣ በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ነው። ድንች ተክሉ ብሎ ያዝዝ ስለነበር ጎብኚዎች ድንጋዩ ላይ ድንች ያስቀምጡለታል። ከቤተ መንግሥቱ ወዲያ ማዶ ወፍጮው ቆሟል። አሮጌው ፈርሶ በ1791 በትልቅ ተተካ፣ እሱም በ1945 በጦርነቱ ተቃጠለ፣ በ1993 እንደገና ተሠርቶ አለቀ። ካመርገሪሽትም አለ። በርሊን ውስጥ፣ በዚያው በድሮ ስሙ፣ ዛሬም ያስችላል።