የአሜሪካ ነጻነትና የግብር ጠብ፦ በስህተት የምናወራቸው ነገሮች

ዋሽንግተን ዲሲ ዘመድ ካላችሁ የመኪናውን ታርጋ ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። ብዙዎቹ ታርጋዎች ላይ «ያለ ውክልና ግብር ማስከፈል ይቁም» የሚል መልእክት አለ። የዲሲ ነዋሪ የፌዴራል ግብር ይከፍላል፤ ኮንግረስ ውስጥ ግን ድምፅ የሚሰጥለት ተወካይ የለውም። አባባሉ 13ቱ የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ከእንግሊዝ ጋር ከተጣሉበት ዘመን የመጣ ነው። ስለዚያ ጠብ የሚወራው ግን ብዙው የተዛባ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ግብሩ ከአቅማቸው በላይ ሆኖ ነው ያመፁት»

አይደለም። እዚያው እንግሊዝ አገር ያለው ሰው ከእነሱ በጣም የበለጠ ይከፍል ነበር። እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ያደረገችው ጦርነት በ1763 ሲያበቃ በዕዳ ተዘፍቃ ነበር። ፓርላማው በ1765 የቴምብር ሕግ አወጣ። እኛም ውል ስንዋዋል የቴምብር ቀረጥ እንከፍላለን። ያኛው ግን ጋዜጣውንም፣ የፍርድ ቤት ወረቀቱንም፣ መጫወቻ ካርታውንም አልማረም። ሰዎቹ ራሳቸው የመረጧቸው ምክር ቤቶች ለሚጥሉት ግብር አዲስ አልነበሩም። ለንደን ያለው ፓርላማ ውስጥ ግን የመረጡት አንድም ሰው የለም። «ማን ወሰነብን?» ያሉት ለዚህ ነው። ፓርላማው በ1766 ሕጉን ሻረው፤ በዚያው ቀን ግን በማናቸውም ጉዳይ ሕግ ላወጣላችሁ እችላለሁ የሚል ሌላ ሕግ አጸደቀ። ቁስሉ ሳይድን ተሸፈነ።

«ሻዩን ባሕር የጣሉት ስለተወደደባቸው ነው»

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነውና። የ1773ቱ የሻይ ሕግ ሻዩን አረከሰው። የእንግሊዙ የንግድ ድርጅት፣ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ፣ መጋዘኑ በሻይ ተጨናንቆ ሊከስር ደርሶ ነበር። ስለዚህ በቀጥታ ወደ አሜሪካ ልኮ እንዲሸጥ ተፈቀደለት። በአንድ ፓውንድ ሻይ ላይ የተጣለው የ3 ፔንስ ቀረጥ ግን አልተነሳም። ርካሹን ሻይ የገዛ ሰው የፓርላማውን ሥልጣን አሜን ብሎ ተቀበለ ማለት ነው። የአገሬው ነጋዴዎችና ኮንትሮባንዲስቶችም ገበያቸው ሊቀማ ነበር። ዲሴምበር 16 ማታ ሰዎች ሞሐውክ የሚባለው የአሜሪካ ነባር ጎሳ አባላት መስለው ቦስተን ወደብ በቆሙ ሦስት መርከቦች ላይ ወጡ። ሳጥኖቹን በመጥረቢያ እየፈለጡ ሻዩን ውኃ ውስጥ ደፉት። 342 ሳጥን፣ ከ40 ቶን በላይ።

«ከመጀመሪያው ነጻነት ነበር የፈለጉት»

ሻዩ በመደፋቱ እንግሊዝ በ1774 የቦስተንን ወደብ ዘጋች። የ12 ቅኝ ግዛቶች ተወካዮች ፊላደልፊያ ተሰብስበው ያደረጉት የእንግሊዝን ዕቃ ላለመግዛት መስማማትና ለንጉሡ አቤት ማለት ነው። ኤፕሪል 1775 ቦስተን አቅራቢያ ባለችው ሌክሲንግተን ላይ ተኩስ ተከፍቶ፣ ደም ፈስሶ እንኳ በጁላይ የእርቅ ደብዳቤ ላኩ። ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ አልተቀበሉትም፤ በኦገስት አማፂ ብለው አወጁባቸው። ነጻነት የታወጀው በቀጣዩ ዓመት ነው። በዚያ አዋጅ ረጅም የአቤቱታ ዝርዝር ውስጥ ያለፈቃዳችን ግብር ጣለብን የሚለው አንድ መስመር ብቻ ነው።

«ሕዝቡ በአንድ ልብ ተነሳ»

ለንጉሡ ታማኝ የነበረው ብዙ ነው። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩት በኋላ ወደ ካናዳና ወደ ሌላ አገር ተሰደዋል። ደግሞ ከሕዝቡ ከአምስት ሰው አንዱ ያህል በባርነት ላይ ነበር። በ1775 የቨርጂኒያው እንግሊዛዊ ገዥ ከአማፂ ጌቶቹ አምልጦ ለእኛ የሚዋጋ ባሪያ ነጻ ይወጣል ብሎ አወጀ። ብዙዎች ነጻነትን ፍለጋ የሮጡት ወደ ንጉሡ ጦር ነበር።