የቤት ካርታ ያልነበረው ተከራይም ባለመብት ነው

በደቡብ አፍሪካ፣ ከኬፕ ታውን በስተደቡብ ያለችው የወደብ ከተማ ሳይመንስ ታውን በ1967 እ.ኤ.አ. የነጮች ክልል ተብላ ታወጀች። ነጭ ያልሆኑት ነዋሪዎች እንዲለቁ ተገደዱ፤ ብዙዎቹም ኦሽን ቪው በተባለ ቦታ ሰፈሩ።

እንዲህ የተነሡ ሰዎች መብታቸውን እንዲጠይቁ በወጣው በ1994ቱ (እ.ኤ.አ.) የመሬት መብት ማስመለሻ ሕግ ሰው በብዛት የሚሳሳተው «መሬት» የሚለውን ከካርታ ጋር ብቻ ሲያያይዘው ነው። ሕጉ ያልተመዘገበ መብትንም ይቆጥራል፤ ከመነሣቱ በፊት ቢያንስ 10 ዓመት ሳያቋርጥ በቦታው የኖረ ሰው መብቱን ሊጠይቅ ይችላል። እሱ ከሞተ ልጆቹ ይተኩታል። ያኔ ጥቂት ገንዘብ መቀበሉም በራሱ መብቱን አያሳጣውም፤ የሚያስቀረው የተከፈለው ካሳ ፍትሐዊ ከነበረ ነው። ሰነድ ስለጠፋ ተስፋ መቁረጥም አይገባም፤ የመሬት ፍርድ ቤቱ ከአያት የተሰማን ቃል እንኳ በማስረጃነት ሊቀበል ይችላል።

ከባዱ ነገር ቀነ ገደቡ ነው። ማመልከቻ መቀበል ታኅሣሥ 31 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. አበቃ። በ2014 እ.ኤ.አ. በሕግ ማሻሻያ እንደገና ቢከፈትም፣ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ማሻሻያውን ሻረው። በዚያ መሃል የገቡት ማመልከቻዎች አልተሰረዙም፤ ግን የቀደሙት ሳያልቁ አይታዩም።