በሕዝብ ትራንስፖርት የሰው ድምፅና የኮምፒውተር ድምፅ

የድምፅ ማስታወቂያ ማለት በባቡር፣ በአውቶቡስና በጣቢያ ውስጥ ቀጣዩን ማቆሚያ፣ የመነሻ ሰዓትን፣ መዘግየትን ወይም አደጋን በድምፅ ማጉያ ለተሳፋሪ ማሳወቅ ነው። ሥራው በሦስት መንገድ ይከናወናል። ነጂው ወይም የጣቢያው ሠራተኛ ማይክሮፎን ይዞ በቀጥታ ይናገራል፤ አስቀድሞ የተቀረጸ የሰው ድምፅ ይለቀቃል፤ አለዚያም ኮምፒውተር የተጻፈለትን ያነብባል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን «ማሽኑ ነው የሚያወራው» ብሎ በአንድ ስም የሚጠራ ብዙ ነው። በተቀረጸው ድምፅ ውስጥ ግን ቃሉን አንድ በአንድ አፍ አውጥቶ የተናገረ ሰው አለ፤ ይህ ጽሑፍም በይበልጥ የሚያተኩረው በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቀጥታ የሚነገረው ማስታወቂያ ከሁሉ የቆየው ነው። ባቡር ዋሻ ውስጥ በድንገት ሲቆም ምክንያቱን ቀድሞ የሚያውቀው ነጂው ስለሆነ፣ «ከፊታችን ያለው ባቡር ተበላሽቶ ነው፤ ጥቂት ታገሡ» የሚል የሰው ቃል የሚያረጋጋውን ያህል ሌላ የሚያረጋጋ የለም። ሆኖም ነጂ ይረሳል፣ ይደክመዋል፣ ያጉተመትማል። ይህ ለማየት ለተሳነው ተሳፋሪ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በካናዳዋ ቶሮንቶ ዴቪድ ሌፖፍስኪ የተባሉ ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ ማቆሚያዎች በተከታታይ አይጠሩም ሲሉ የከተማውን ትራንስፖርት ከሰሱ፤ የሰብአዊ መብት ችሎቱም በ2005 ለምድር ውስጥ ባቡር፣ በ2007 ደግሞ ለአውቶቡስና ለከተማ ባቡር እያንዳንዱ ማቆሚያ እንዲጠራ ወሰነ።

የተቀረጸ ድምፅ ሲነሣ ለንደንን የሚቀድም ከተማ የለም። በዚያ የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፋሪ ቆሞ የሚጠብቅባቸው አንዳንድ መድረኮች ኩርባ ላይ የተሠሩ ናቸው። የባቡሩ ፉርጎ ቀጥ ያለ፣ መድረኩ ግን የጎበጠ በመሆኑ በሩና መድረኩ አይገናኙም፤ በመካከላቸው እግር የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። ሠራተኛው ባቡር በመጣ ቁጥር እንዲያስጠነቅቅ ማድረግ አስቸጋሪ ስለሆነ በ1968 ማስጠንቀቂያው በቀረጻ እንዲነገር ተደረገ። በዚያን ጊዜ ድምፅን በዲጂታል ማስቀመጥ ውድ ስለነበር መልእክቱ አጭር መሆን ነበረበት፤ «ማይንድ ዘ ጋፕ»፣ «ክፍተቱን ልብ በሉ» እንደ ማለት ነው። የድምፅ መሐንዲሱ ፒተር ሎጅ አንድ ተዋናይ ቀርጾ ነበር ይባላል፤ የተዋናዩ ወኪል ግን ተከታታይ ክፍያ በመጠየቁ ሎጅ መሣሪያውን ሲፈትሽ ራሱ የተናገረው ቀረጻ ሥራ ላይ ዋለ። የመጀመሪያው ድምፅ የማን እንደሆነ ሌላ አስተያየት ያላቸው አሉ።

ከዚሁ ማስጠንቀቂያ ድምፅ ሰጪዎች አንዱ ተዋናዩ ኦስዋልድ ሎረንስ ነበር። የእሱ ቀረጻ ኖርዘርን በተባለው የለንደን ምድር ውስጥ ባቡር መስመር ለዓመታት ካገለገለ በኋላ በአዲስ እየተተካ ሄዶ መጨረሻ ላይ ኤምባንክመንት ጣቢያ ውስጥ ብቻ ቀረ። ሎረንስ በ2007 ካረፈ በኋላ ባለቤታቸው ሐኪሟ ማርጋሬት ማኮለም ወደዚያ ጣቢያ ሲመጡ መድረኩ ላይ ቁጭ ብለው ባቡር እያሳለፉ የባላቸውን ድምፅ ያዳምጡ ነበር። በ2012 መጨረሻ ግን ቢጠብቁ ድምፁ የለም። ጠየቁ። የምድር ውስጥ ባቡሩ ድርጅት ቀረጻውን ፈልጎ ቅጂ ከሰጣቸው በኋላ በ2013 ለዚያች አንዲት ጣቢያ መልሶ አስገባው። ሺህ ጉዳይ ያለበት ተቋም ለአንድ ድምፅ ይህን ያህል መድከሙ ያስመሰግነዋል።

ኒው ዮርክ ወደ ዲጂታል ቀረጻ የተሻገረችው በ2000 አዲስ ባቡሮች ሲገቡ ነው፤ የሬዲዮ ጋዜጠኞች ድምፃቸውን ሰጡ።

ሁሉን መልእክት ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጎ መቅረጽ ስለማይቻል ድምፅ ሰጪው ቁርጥራጭ ይቀርጻል፤ ኮምፒውተሩ ይሰፋዋል። የጣቢያ ስም ብዙውን ጊዜ ሁለቴ ይነበባል፤ አንዴ ዓረፍተ ነገሩ እንደሚቀጥል ድምፅን ከፍ አድርጎ፣ አንዴ እንዳለቀ ዝቅ አድርጎ። ቦታቸው ከተቀያየረ ጆሮ ወዲያው ይሰማዋል። ከ1981 ጀምሮ የፈረንሳይ ባቡር ጣቢያዎች ማስታወቂያ ድምፅ የሆኑት ሲሞን ኤሮ በዚህ ጥበብ ይታወቃሉ። የስኮትላንዱ የባቡር ድርጅት ስኮትሬይል በ2022 መረጃ የማግኘት መብትን መሠረት ባደረገ ጥያቄ ምክንያት የቀረጻ ስብስቡን ሲለቅ ቁርጥራጮቹ ከ2,400 በላይ ሆነው ተገኙ፤ ወጣቶችም ወዲያው ዘፈን ሠሩባቸው።

ሰው ሠራሽ ንግግር በ1939 በኒው ዮርክ የዓለም ትርዒት ላይ በቀረበው ቮደር በተባለ የንግግር መሣሪያ ለሕዝብ ታየ፤ በ2016 ዲፕማይንድ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ያስተዋወቀው ዌቭኔት የተባለ ፕሮግራም ደግሞ ድምፁን ወደ ሰው በእጅጉ አቀረበው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። አዲስ ማቆሚያ ሲከፈት ማንንም ወደ ስቱዲዮ መጥራት አያስፈልግም፤ ስሙን መጻፍ ይበቃል።

በአማርኛ ግን መጻፉ አይበቃም። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ዋና» የሚለው ቃል «ና» ሲጠብቅ ከሁሉ የሚበልጠውን ያመለክታል፤ ሲላላ ውኃ ውስጥ የሚደረገውን። ስለዚህ «ዋና ጣቢያ» የሚለውን አላልቶ ያነበበ ኮምፒውተር ተሳፋሪውን ወደ መዋኛ ይልከዋል። «ይሰማል» ደግሞ አላልተው ሲያነቡት ሰሚው ሰው ነው፤ አጥብቀው ሲያነቡት የሚሰማው ድምፁ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ከዐውዱ ተነሥቶ ሳያስብበት ይለየዋል፤ ፕሮግራሙ ይህን መማር አለበት።

በአውቶቡስ ላይ ችግሩ ከድምፁ ይልቅ ጊዜው ነው። ማስታወቂያው የሚለቀቀው ተሽከርካሪው ያለበትን ቦታ በሳተላይት እየተከታተለ በመሆኑ፣ ቦታው ከተሳሳተ ማቆሚያውም ይሳሳታል። በጥር 2018 የለንደን አውቶቡሶች «አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ነው፤ እባክዎ ይያዙ» የሚል ማስታወቂያ ሞከሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ግን አውቶቡሱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነበር። ተሳፋሪ ሲሳለቅበት ቃሉ በቀናት ውስጥ «አውቶቡሱ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ይያዙ» ወደሚል ተቀየረ።

አሁን ያለው ክርክር ድምፁ የማን ንብረት ነው የሚለው ነው። በ2025 ስኮትሬይል «አዮና» የተባለ ሰው ሠራሽ ድምፅ በባቡሮቹ ሲጠቀም፣ አንዲት ድምፅ ሰጪ ድምፁ ከዓመታት በፊት ለሌላ ሥራ ከቀረጸችው መሠራቱን ገልጻ ፈቃዴን አልጠየቁኝም አለች። ድምፁን ያዘጋጀው ኩባንያ በበኩሉ ውል እንዳለው ተናግሯል። በጀርመን ግን ከ2020 ወዲህ የባቡር ጣቢያዎች ድምፅ የሆነው ሃይኮ ግራውኤል ስቱዲዮ የገባው ንባቡ ለኮምፒውተር ድምፅ መሥሪያ እንደሚውል አውቆ ነው።