ወርቅ ይመስላል፣ ግን ገልብጣችሁ እዩት

በወርቅ የሚያብረቀርቁ፣ እብነ በረድ ላይ የቆሙ፣ ክንፋም ሕፃን ወይም ቀስት የያዘች አምላክ የተቀመጠባቸው የድሮ የፈረንሳይ የምድጃ ላይ ሰዓቶችን የሆነ ቦታ ሳታዩ አትቀሩም። ስለ እነሱ የሚወራው ብዙው ግን ስህተት ነው።

«ወርቅ ነው።» አይደለም። ስስ ወርቅ የተለበጠ ነሐስ ነው። ወርቁን ከሜርኩሪ ጋር ለውሰው ነሐሱን ይቀቡታል፤ እሳት ሲነካው ሜርኩሪው ይተናል፣ ወርቁ ይቀራል። የተነነውስ? ሠራተኛው ሳንባ ውስጥ። የፓሪሱ የነሐስ ባለሙያ ራቭሪዮ እ.ኤ.አ. በ1814 ሲሞት፣ ለዚህ መላ ላገኘ ሰው 3000 ፍራንክ ተናዞ ነበር። በ1818 ሽልማቱን የወሰደው፣ ጭሱን ወደ ውጭ የሚስብ ምድጃ የሠራው ኬሚስቱ ዳርሴ ነው። እና አሁን አንዱ ተነስቶ በብረት ማጽጃ ይፈትገዋል! ያ ሁሉ የተከፈለበት ወርቅ ከጨርቁ ጋር ይሄዳል።

«ማግኔት ካልያዘው ነሐስ ነው።» ይሄ ያስቀኛል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ብዙዎቹ በርካሽ ዚንክ ተሠርተው ወርቅ ተቀብተዋል፤ ዚንክንም ማግኔት አይስበውም። ከሥሩ፣ የማይታይ ቦታ ላይ፣ ጫር አድርጉት። ቢጫ ከሆነ ነሐስ፣ ነጣ ያለ ግራጫ ከሆነ ዚንክ። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ታዲያ።

«ጀርባው ላይ 1855 ይላል፣ የ1855 ነው።» እሱ ፋብሪካው በኤግዚቢሽን ሜዳሊያ ያገኘበት ዓመት ነው። የጃፒ ወንድማማቾች የሚባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ በሠራው የሰዓት ሞተር ላይ ይሄ ማኅተም በሽ ነው። ሰዓቱ ከዚያ ብዙ ቆይቶ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ፊቱ ላይ ያለው ስምም ብዙ ጊዜ የሰዓት ሠሪው ወይም የሻጩ ነው፣ ምስሎቹን የቀረጸው ሰው አይደለም።

ሴቷ ሁሉ ቬነስ አይደለችም። ግንባሯ ላይ ጨረቃ ካለ ዲያና ናት፣ የጦር ቁር ካጠለቀች ሚነርቫ። ማጭድ የያዘውን ክንፋም ሽማግሌ መልአከ ሞት የሚሉት አሉ፤ እሱ ክሮኖስ ነው፣ ጊዜ ራሱ።

«ደወሉ ሰዓት ከሚጠቁመው ዘንግ ጋር አይገጥምም፣ ተበላሽቷል።» ብዙ ጊዜ አልተበላሸም። በአሮጌዎቹ ውስጥ የደወሉን ቁጥር የሚወስነው ጥርሱ እየሰፋ የሚሄድ ጎማ ነው፣ ዘንጉ የት እንዳለ አያውቅም፤ ስለዚህ አንድ ሰው ዘንጉን በችኮላ ሲያዞር ደወሉን ካላስጨረሰው ቁጥሩ ይዛባል፣ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ቢወስዱት በደቂቃ ያስተካክለዋል። በየግማሽ ሰዓቱ አንዴ መደወሉም ጤና ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 9 ጊዜ ቢደውልም እንዳትደነግጡ፣ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው።