አመድ እርሳስ አይበላም

ጅማ የአፈር ምርመራ ላይ ስሠራ አንድ ጥያቄ ሰልችቶኛል። ሰው በእርሳስ፣ ማለትም አሮጌ ባትሪ ውስጥ ባለው መርዛም ብረት፣ የተበከለ የጓሮ አፈር በፌስታል ቋጥሮ ይመጣና «አመድና ኖራ በትኜበታለሁ፣ አሁንማ ጸድቷል አይደል?» ይላል። አልጸዳም።

ትንንሾቹን ስህተቶች በቶሎ ልጨርሳቸው።

«ቆሻሻ በቆሻሻ አይጸዳም።» ለጆሮ ይጥማል እንጂ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ከብረት ማቅለጫ የሚወጣው ስላግ፣ የሲሚንቶ ምድጃ ብናኝ፣ ባውክሳይት የሚባለው ማዕድን ለአሉሚኒየም ሲጣራ የሚተርፈው ቀይ ጭቃ፣ ሁሉም በተበከለ አፈር ላይ ተሞክረዋል። በልኩና ተመርምረው ሲገቡ ይጠቅማሉ። እንዳለ ግን አይነኩም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሀንጋሪ አይካ ላይ የቀይ ጭቃ ግድብ ተደርምሶ 10 ሰው ሞቷል፣ ብዙዎችም ቆዳቸው ተቃጥሏል።

«የጅማ አፈር የቀላው ስለተመረዘ ነው።» ኧረ ተዉ! ቅላቱ ዝገት በሉት፣ የብረት ኦክሳይድ ነው። እንዲያውም እርሳስንና አርሴኒክ የሚባለውን መርዝ የሚይዘው እሱ ነው።

«አመድ ሁሉ አንድ ነው።» የጎማና ቀለም የተቀባ ጣውላ አመድ ራሱ ብክለት ነው። የምድጃ እንጨት አመድና የእሱ ነገር አይገናኝም።

«ከበዛ ይሻላል።» ከበዛ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ምክንያቱም ተክሉ የሚፈልገው ዚንክና ማንጋኒዝም አብሮ ይታሰራል።

አሁን ወደ ዋናው። እርሳስ አይበሰብስም፣ አይቃጠልም፣ ወደ ሌላ ነገርም አይለወጥም። አንድ ኪሎ አፈር ውስጥ 800 ሚሊግራም እርሳስ አለ እንበል። 20 ግራም አመድ ብትጨምሩበት ያው 800 ሚሊግራም በ1,020 ግራም ውስጥ ነው ያለው። በኪሎ ሲሰላ ወደ 784 ይወርዳል። ይኸው ነው ጽዳቱ!

ታዲያ አመዱ ምን ይሠራል? አፈራችን አሲዳማ ነው። በአሲድ ውስጥ እርሳስና ሌላው መርዛም ብረት ካድሚየም ይለቀቃሉ፣ ውሃ ውስጥ ይገባሉ፣ ሥር ይስባቸዋል። አመድና ኖራ አሲዱን ሲያበርዱት ብረቶቹ ከአፈሩ ጋር ይጣበቃሉ። ታሰሩ እንጂ ከከተማ አልወጡም። ክረምቱ ሲደጋገም ደግሞ አፈሩ ቀስ በቀስ ወደ አሲዱ ይመለሳል፣ እስረኛውም ይፈታል። የጅማን ዝናብ ለጅማ ሰው አልነግርም። ስለዚህ ፒኤቹን፣ ማለትም የአሲዱን መጠን፣ በየጊዜው ማስለካት የግድ ነው።

ሌላው የሚረሳው ነገር ሆድ ነው። ኖራ ያሰረውን እርሳስ የጨጓራ አሲድ መልሶ ይፈታዋል። ጎመኑ ትንሽ ሊሻለው ይችላል፣ አፈር የሚልሰው ሕፃን ግን ብዙም አላተረፈም።

አንዲት እናት ቤታቸው ከጋራዥ ጀርባ ነው። ጓሮው ላይ ለዓመታት አሮጌ ባትሪ ሲፈለጥ ኖሯል። ሄጄ ሳይ አመዱ ነጭ ሆኖ ተነስንሷል፣ ከሥሩ ጥቁር የባትሪ ስባሪ ብቅ ብሏል፣ የልጅ ልጃቸው ደግሞ እዚያው በእጁ ጭቃ ያቦካል። «ልጄ፣ ጎመኑን አየኸው እንዴት እንዳማረ?» አሉኝ። አምሯል። ማማሩ ግን ስለ እርሳስ ምንም አይናገርም፤ ካልተለካ አይታወቅም።

ከዚያ በኋላ የነገርኳቸውን ለእናንተም ልበል። ስባሪውን በጓንት ልቀሙ፣ ልጅ አታስነኩ። ባዶውን መሬት ሣር አልብሱት፣ አቧራውም ጭቃውም ይቀንሳል። ጎመንና ካሮት ሌላ ቦታ በመጣ አፈር፣ በማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ትከሉ። በቆሎና ዱባ ፍሬያቸው ውስጥ የሚገባው እርሳስ ከቅጠልና ከሥር ያነሰ ነው። ቅጠሉን በደንብ እጠቡት፣ መቀቀል ግን እርሳስ አያጠፋም። የልጁን ደም ሐኪም ጋ አስመርምሩ።

ችግሩ እርሳስ ብቻ ከሆነ ከኖራ ይልቅ የተፈጨ የቄራ አጥንት እመርጣለሁ። አጥንቱ ውስጥ ያለው ፎስፌት የሚባል ንጥረ ነገር ከእርሳስ ጋር ሲጣመር ጨጓራም በቀላሉ የማይፈታው ማዕድን ይሠራል። አርሴኒክ ካለ ግን ተዉት። ፎስፌቱም ኖራውም አርሴኒክን ይለቁታል እንጂ አይዙትም። ለዚህ ነው መጀመሪያ አስመርምሩ የምለው፣ ከበተናችሁ በኋላ ሳይሆን።

እኚያ እናት ጎመናቸውን አሁን አሥር ጆንያ ውስጥ ነው የተከሉት። አመዱን ግን አሁንም እየወጡ ይበትናሉ። «ምን አለበት?» ይላሉ።