ስለ ናቫሆዋ የውሃ ሳይንቲስት የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዶክተር ካርሌታ ቺፍ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የውሃ ሳይንስ ፕሮፌሰር ናቸው። የተወለዱት ራሱን ዲኔ ብሎ ከሚጠራው የናቫሆ ሕዝብ ነው። የናቫሆ ኔሽን ግዛት በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ አሪዞናን፣ ኒው ሜክሲኮንና ዩታን እየነካ ከ70,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል፤ የራሱ መንግሥት፣ ምክር ቤትና ፍርድ ቤትም አለው። የእኚህ ሴት ታሪክ ብዙውን ጊዜ እጅግ በአጭሩ ይነገራል፦ ቧንቧ በሌለበት ቤት አደጉ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ሁለቱም እውነት ነው። በመካከል ያለው ሲዘለል ግን ስለ እርሳቸውም ስለ አገራቸውም የተሳሳተ ግምት ይፈጠራል። እኔ ደግሞ ውሃን ለሚያጠና ሰው ዋናው ቁም ነገር ያለው በዚያ በተዘለለው ውስጥ ነው እላለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ናቫሆዎች ውሃ ያጡት በረሃ ላይ ስለሚኖሩ ነው»

አገሩ ደረቅ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን የኮሎራዶ ወንዝ በምዕራብ ዳርቻው ይፈስሳል፣ የሳን ሁዋን ወንዝ በሰሜኑ በኩል ያልፋል፣ ከመሬቱ በታችም በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ የተጠራቀመ ጥራት ያለው የከርሰ ምድር ውሃ አለ። የጎደለው ውሃውን ቤት የሚያደርስ ቧንቧ፣ በውሃው የመጠቀም መብትና የውሃው ንጽሕና ነው። ከቤተሰቦቹ 30 በመቶ ያህሉ በቤታቸው የቧንቧ ውሃ የላቸውም፤ በርሜል በፒካፕ መኪና ጭነው ርቀው ሄደው ይቀዳሉ።

ዶክተር ቺፍ ያደጉበት ብላክ ሜሳ ይህን አጉልቶ ያሳያል። ፒቦዲ የተባለው ኩባንያ እዚያ የድንጋይ ከሰል ያወጣ ነበር። ከሰሉ ተፈጭቶ ከውሃ ጋር ይደባለቅና 440 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ቧንቧ ኔቫዳ ወደሚገኝ የኃይል ማመንጫ ይላክ ነበር። ለዚህ ሲባል እስከ 2005 መጨረሻ ድረስ ለአሥርተ ዓመታት በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ሜትር ኩብ የከርሰ ምድር ውሃ ሲሳብ ኖሯል። ከሰል በንጹሕ ውሃ እየተገፋ ሲጓዝ፣ በዚያው ምድር መብራትም ቧንቧም የሌላቸው ቤተሰቦች ነበሩ፤ የካርሌታ ቤተሰብ ከእነርሱ አንዱ ነው። ይህን እያየች ያደገች ልጅ የውሃ እጥረት የዝናብ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልጋትም።

ሕጉም የራሱ ድርሻ አለው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1908 ለነባር ሕዝቦች የተከለለ መሬት በውሃ የመጠቀም መብትንም እንደሚጨምር ወስኖ ነበር። በ2023 ግን ያው ፍርድ ቤት፣ በ1868 ከናቫሆዎች ጋር የተፈረመው ውል የፌዴራሉ መንግሥት ለናቫሆዎች ውሃ እንዲያገኙ እርምጃ ለመውሰድ አያስገድደውም ሲል 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ፈረደ። መብቱ በወረቀት ላይ አለ፤ ውሃውን የማድረስ ግዴታ ያለበት አካል ግን የለም። ይህን ፍርድ ፍትሕ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

«ሳይንቲስት ለመሆን ባህላቸውን መተው ነበረባቸው»

ዶክተር ቺፍ ከስታንፎርድ በሲቪልና በአካባቢ ምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1998፣ ሁለተኛውን በ2000 አገኙ። በዚያው በ2000 ተወዳድረው ሚስ ናቫሆ ኔሽን ሆኑ። ስሙን የሰማ ሰው የቁንጅና ውድድር ሊመስለው ይችላል። እዚህ ውድድር ላይ ግን ተወዳዳሪዋ በናቫሆ ቋንቋ መናገር፣ በግ አርዳ መበለት፣ የሕዝቧን ታሪክና ሥርዓት አውቃ ማስረዳት አለባት፤ አሸናፊዋም አንድ ዓመት ሙሉ የሕዝቧ መልእክተኛ ሆና ታገለግላለች። በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን በ2007 ያጠናቀቁት ከዚህ አገልግሎት በኋላ ነው።

ሴት ሆነው ሳይንስ መያዛቸውን በባህሉ ላይ እንደማመፅ አድርገው የሚያቀርቡም አሉ። ናቫሆዎች ዘር የሚቆጥሩት በእናት በኩል ነው፤ ሰው ራሱን ሲያስተዋውቅ አስቀድሞ የእናቱን ጎሳ ይጠራል። በ1951 ለናቫሆ ምክር ቤት የተመረጡት አኒ ዋኔካ የሳንባ ነቀርሳን ለመግታት ቤት ለቤት እየዞሩ ሕዝባቸውን አስተምረዋል፤ በ1963 ለዚህ አገልግሎታቸው ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነጻነት ሜዳሊያ ተሸልመዋል። ዶክተር ቺፍ የቆሙት እንዲህ ባሉ እናቶች መስመር ላይ ነው።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ ያጠኑት የራሳቸውን ሕዝብ ውሃ ብቻ ነው»

አይደለም። ቀደምት ሥራቸው በእሳት የተቃጠለና ያልተቃጠለ አፈር አየርንና ውሃን ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚለካ፣ ለፊዚክስ የቀረበ ጥናት ነው። ከዚያም በኔቫዳ በበረሃ ምርምር ተቋም ሲሠሩ ሌላ ነባር ሕዝብ የሆነው የፒራሚድ ሐይቅ ፓዩት ለአየር ንብረት ለውጥ ያለውን ተጋላጭነት አጥንተዋል። በመምህርነት ወደ አሪዞና የተመለሱት በ2011 ነው። ያ ሁሉ ልኬትና ስሌት በኋላ ለገጠማቸው ከባድ ጥያቄ ስንቅ ሆኗቸዋል።

«ጥርት ያለ ውሃ፣ በተለይ ከተፈላ፣ አይጎዳም»

ይህ አመለካከት ሰው ይጎዳል። ከ1944 እስከ 1986 ከናቫሆ ምድር 30 ሚሊዮን ቶን ገደማ የዩራኒየም ማዕድን ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ተጥለው የቀሩት ማዕድን ማውጫዎች ከ500 ይበልጣሉ። በ1979 በቸርች ሮክ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ የማዕድን ዝቃጭ የተጠራቀመበት ግድብ ተደርምሶ ከ350 ሚሊዮን ሊትር በላይ ራዲዮአክቲቭ ፍሳሽ ወደ ፑዌርኮ ወንዝ ገብቷል። በዚህ ላይ ዩራኒየምና አርሴኒክ በተፈጥሮም ከዓለቱ እየሟሙ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይገባሉ።

ሁለቱም ውሃ ውስጥ ሲሟሙ በዓይን አይታዩም፣ በማሽተትም አይለዩም። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ እነዚህን ግን አያስወግድም፤ እንዲያውም ከፊሉ ውሃ ሲተን በቀረው ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ይላል። (በእኛ ስምጥ ሸለቆ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድም እንዲሁ ነው፤ ማፍላት አይቀንሰውም።) በአሜሪካ ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደው ጣሪያ ለአርሴኒክ በሊትር 10፣ ለዩራኒየም 30 ማይክሮግራም ነው። ለከብት ተብለው የተቆፈሩ ጉድጓዶች ግን የመጠጥ ውሃ ቁጥጥር አያገኛቸውም፤ ቧንቧ የሌለው ቤተሰብ ደግሞ አንዳንዴ የሚቀዳው ከእነርሱ ነው።

«ወንዝ ሲበከል ናሙና ወስዶ መለካት ብቻ በቂ ነው»

ኦገስት 5 ቀን 2015 በኮሎራዶ፣ ሲልቨርተን አቅራቢያ፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የሚመራው ቡድን ጎልድ ኪንግ በተባለ የተተወ የወርቅ ማዕድን ማውጫ ላይ ሲሠራ ውስጡ ታምቆ የነበረው ውሃ ፈነዳ። ከ11 ሚሊዮን ሊትር በላይ አሲዳማ ውሃ፣ ብረት፣ ሊድና አርሴኒክ ይዞ፣ ወደ አኒማስ ወንዝ ከዚያም ወደ ሳን ሁዋን ገባ። ወንዙ ብርቱካንማ ቢጫ ሆነ። የሺፕሮክና የአካባቢው ናቫሆ ገበሬዎች በቆሎና ሐብሐባቸው ውሃ በሚፈልግበት ወቅት የመስኖ ቦያቸው ተዘጋ።

ወዲያው የተሠራው የጉዳት ግምት መነሻ ያደረገው በወንዙ ዳር ለመዝናናት የሚጓዝን ሰው ነበር፦ እግረ መንገዱን ከውሃው ቢጠጣ ምን ያህል ብረት ወደ ሰውነቱ ይገባል? ስሌቱ ለዚያ ሰው ልክ ሊሆን ይችላል። ናቫሆው ገበሬ ግን መንገደኛ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ከወንዙ ጋር ይኖራል፤ ያጠጣበታል፣ ከብቱን ያሰማራበታል፣ ልጆቹ ይዋኙበታል፣ መድኃኒት ቅጠል ይለቅምበታል፣ ይጸልይበታል።

ዶክተር ቺፍ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሺፕሮክ፣ በአፐር ፍሩትላንድና በአኒት ማኅበረሰቦች ያደረጉት ጥናት የተነሳው ከዚህ ነው። ሕዝቡን ጠየቁ፤ ሰው ከወንዙ ጋር የሚገናኝባቸው ከ40 የሚበልጡ ተግባራትም ተመዘገቡ። ውሃ፣ አፈርና የሰው ሰውነት ተመረመረ፤ አደጋው ከደረሰ በኋላ ሰዎች ከወንዙ ጋር የነበራቸው ንክኪ በከፍተኛ ደረጃ መቀነሱም ታወቀ። ይህን ቅነሳ የትኛውም የላቦራቶሪ መሣሪያ አይለካውም፤ ከወንዙ የራቀ ገበሬ እርሻውንና ሥርዓቱን አብሮ ያጣልና። ጥያቄውን ለመጠየቅ ሃይድሮሎጂ (የውሃ ሳይንስ) ማወቅ ያስፈልጋል፤ በወንዙ ዳር ሰው ምን እንደሚያደርግ ማወቅም እኩል ያስፈልጋል። ዶክተር ቺፍ ሁለቱንም ያውቁ ነበር። እንደ እኔ እምነት በዚያ ሥራ ሳይንሱ የተሻለው ባህላቸውን ይዘው ስለገቡ ነው።

«ተመራማሪ ሲፈልግ ሄዶ መረጃ ሰብስቦ ይመለሳል»

በናቫሆ ምድር እንዲያ አይቻልም። በሰዎች ላይ የሚደረግ ምርምር ሁሉ የናቫሆ ኔሽን የራሱ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ውጤቱም ከመታተሙ በፊት ለቦርዱ ይቀርባል፣ ለማኅበረሰቡም ይመለሳል። ይህ ደንብ ሥራን ያዘገያል የሚሉ አሉ። ናቫሆዎቹ የዩራኒየም ቆፋሪዎች ስለ አደጋው ሳይነገራቸው የሠሩበትን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ግን መዘግየቱን በደስታ ይቀበላል።

«ለነባር ሕዝቦች ልጆች ትምህርት ሁሉ በነጻ ነው»

አልነበረም፤ ዛሬም በሁሉም ቦታ አይደለም። የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ በግዛቱ ካሉት 22 እውቅና ያላቸው ነባር ሕዝቦች ለሚመጡ የመጀመሪያ ዲግሪ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያን እንደሚሸፍን ያስታወቀው በ2022 ነው፤ ዶክተር ቺፍ ዶክትሬታቸውን ካገኙ ከ15 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

«እንዲህ ያለች ሴት አንድ ብቻ ናት»

ዶክተር ቺፍ ብቻቸውን ለመቅረት አልሠሩም። በ2017 በብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ድጋፍ በምግብ፣ በኃይልና በውሃ ላይ የሚያተኩር የድኅረ ምረቃ ሥልጠና ከባልደረቦቻቸው ጋር ጀመሩ። ተባባሪው በ1968 የተመሠረተውና ነባር ሕዝብ ራሱ የሚያስተዳድረው የመጀመሪያው ኮሌጅ፣ ዲኔ ኮሌጅ ነው። ሠልጣኞቹ የሠሩበት ቴክኖሎጂ በፀሐይ ኃይል የሚንቀሳቀስ የውሃ ማጣሪያ ነው፤ የኤሌክትሪክ መስመርም ቧንቧም ላልደረሰበት ቤት ተብሎ የታሰበ።